ከማን ቤት ሥር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

የእንጅባራ ጥቅምት እኮ ብርድ አይባልም፤ ቅጣት ነው። ቢሮ ውስጥ ጋቢ ደርቤ ነው የምሠራው። መሳፍንት "ኮድ የምትጽፊ ሳይሆን የደብር ዘበኛ መሰልሽ" ብሎ ሳቀብኝ። አለቃዬ ባይሆን መልስ አላጣም ነበር።

ሥራው ያው ሠንጠረዥ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽኖቹ ታብሌት ላይ የሚጫነው። ቀበሌውን ሲነኩት ይከፈትና ጎጦቹ ይታያሉ። ጎጡን ሲነኩት ቤቶቹ። ቤቱን ሲነኩት የቤቱ ሰዎች። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ እሷን ሲነኳት ክትትሏ ይወጣል፤ ወሩ፣ ክብደቱ፣ የደም ግፊቱ። ረድፍ በረድፍ ውስጥ፣ እሱም በሌላ ረድፍ ውስጥ። እስከ ሦስተኛው ድረስ እሺ ብሎኝ ነበር። አራተኛው ላይ አመፀ... አንዱን ስከፍት ሌላው ይዘጋል፣ ሌላውን ስዘጋ ያልነካሁት ይከፈታል።

እማየ ደወለች። "መቼ ነው የምትመጪው?" ሰባት ወር አልፎኛል። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ በእኛ ዘንድ ይሄ ክርክር የለውም። "ሥራ አለብኝ እማ" አልኳት። "ሥራሽ ያዋልድሻል?" አለችኝ። ዘጋችው።

አልነገርኳትም እንጂ እኔም መውለድን ፈርቻለሁ። ለማን ይነገራል? ባሌ ሀብቱ ቻግኒ ነው፣ የእህል መኪና ላይ። በስልክ "አይዞሽ እንጂ" ይላል። ማለት አይከብድም፤ ሆዱ አልተነፋ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ቀይ ጽሑፍ። ከጠዋት ጀምሮ ቀይ ጽሑፍ። ተጠቃሚው አያየውም፤ ኮዱ ሲሳሳት ለእኛ ብቻ ነው ከገጹ ጀርባ የሚጻፈው። ሁለት ረድፍ አንድ መለያ ይዟል ይላል። አንድ ጊዜ ቢሆን ግድ የለም፣ ደጋግሞ!

ለራሴ ላስረዳ፤ ሳስረዳ ነው የሚገባኝ። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ መለያ ይፈልጋል። ገጹን የምሠራበት ሪአክት የቱ ረድፍ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው በእሱ ነው። እኔ የሰዎቹን የጤና ካርድ ቁጥር ሰጠሁት። አንድ ሰው አንድ ካርድ ነው ያለው ብዬ። ግን ዳታው ውስጥ አንዳንድ ቁጥር ሁለት ቦታ አለ። አንዷን ስነካት ሌላ ቀበሌ ያለች ሴት አብራ ትከፈታለች። ወይ ጉድ።

ለምን ሁለት ቦታ? ጸሐፊዎቹ ደግመው አስገብተውት ይሆናል። ከወረቀት ሲገለብጡ ስንት ጉድ ሠርተዋል፤ አንዱን አባወራ የሦስት ዓመት ልጅ አድርገውት አይቻለሁ።

ሰኞ ሥራውን ላዘዙን የጤና ቢሮ ሰዎች ማሳየት አለብን። መሳፍንት በየሰዓቱ እየመጣ ከኋላዬ ይቆማል። "ደረሰ?" ሲል ሆዴ ውስጥ ያለው ራሱ ይደነግጣል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አንድ መስመር ጻፍኩ። ቁጥሩ ከዚህ በፊት ታይቶ ከሆነ፣ እለፈው። አለቀ። ቀዩ ጠፋ፣ ሁሉም ረድፍ እንደ መሳቢያ ተከፍቶ ይዘጋል።

የተደገሙት እነማን እንደሆኑ ላያቸው ነበር... ራሴን አዞረኝና ቤት ሄጄ ተኛሁ። ሌላ ቀን።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

አሳየናቸው። ወደዱት። አንዱ ሽማግሌ ሐኪም ቀበሌውን እየከፈቱ እየዘጉ እንደ ልጅ ተጫወቱበት። "በስንት ደቂቃ ነው አንድ ቤት የሚገኘው?" "በሦስት ንክኪ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ሆዴን ነው እንጂ ምን ደረት አለኝ።

መሳፍንት ምሳ ጋበዘኝ። የተደገሙትን ላያቸው ነበር። ረሳሁ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ስልጠና ሰጠሁ። ሙከራው ስድስት ቀበሌ ላይ ነው፤ የእኔም የከተማው ቀበሌ፣ በጥርባ በኩል ያለው የእናቴም ቀበሌ አለበት። ከእማየ ቀበሌ የመጣችው ማስተዋል ትባላለች። ቀጭን፣ ጥያቄዋ የማያልቅ። "ወረቀቱንስ? የቤተሰብ ማህደሩን ምን እናድርገው?" አለች።

"ከእንግዲህ ወረቀት የለም" አልኩ። ተጨበጨበ። ማህደሮቹ ቁም ሣጥን ገብተው ይቆለፋሉ ተባለ።

ቀጥላ ደግሞ "አንዷ ከባሏ ቤት ወደ እናቷ ቤት ብትሄድስ?" አለችኝ። "በሄደችበት ቤት በዚያው ካርድ ቁጥሯ መዝግቢያት" አልኩ። በራሴ አፍ። ማይክ ይዤ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

እማየ ቤት ገባሁ። ከሚኒባሱ ወርጄ ትንሽ ነው የተራመድኩት፤ ግን ሦስት ጊዜ ቁጭ አልኩ። ወንድሜ አሳምነው ቦርሳዬንም ላፕቶፔንም ተሸክሞ "ይሄ ነው ሥራሽ? አካፋ አይከብድም እንዴ ከዚህ?" ይለኛል።

እማየ በአዊኛ ለጎረቤቱ ሁሉ "መጣችልኝ" ስትል ሰማሁ። ለእኔ ግን "ዘገየሽ" ብቻ። ከዚያ አንሶላ ቀይራልኝ፣ እግሬን በሞቀ ውሃ አጥባ አስተኛችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቴ ቀለል አለኝ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ማስተዋል መጣች። ግፊቴን ለካች፤ ደህና ነው። "አሠልጣኜን ልመርምር ነው እንግዲህ" ብላ ሳቀች። ጓደኛዋ፣ አብራት የምትሠራው፣ ሌላ ስልጠና ባሕር ዳር ሄዳለች። ሁሉንም ጎጥ ብቻዋን ነው የምትዞረው። "ይሄ ታብሌት ባይኖር ኖሮ እጠፋ ነበር" አለችኝ። ደስ አለኝ... እውነት ለመናገር በጣም ደስ አለኝ።

እማየ ቤት ሥር በእንግድነት መዘገበችኝ። ካርድ ቁጥሬን ራሴ ነገርኳት። ታብሌቱ "ተመዝግቧል" አለ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ቶሎ ልጻፈው።

ማስተዋል በበራችን ስታልፍ ገባ አለችና "እንቁ፣ ጠፋሽ እኮ" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ታብሌቷን ሰጠችኝ። ቀበሌውን ከፈትኩ። ጎጡን ከፈትኩ። እታለማሁ የሚለውን የእናቴን ስም ነካሁ። ሁለት ሰው። እማየና አሳምነው። እኔ የለሁም። ትናንት ዐይኔ እያየ የተመዘገብኩት ሴትዮ የለሁም።

"ኔትወርክ ይሆናል" አለች ማስተዋል። "ከዚህ በፊትም እንዲህ አድርጎኛል። መዝግቤ መዝግቤ ሳየው የለም።"

ክው አልኩ። ቁጥሩ ከዚህ በፊት ታይቶ ከሆነ፣ እለፈው። እኔ ከተማ ባሌ ቤት ሥር አለሁ። ሠንጠረዡ ስድስቱንም ቀበሌ አንድ ላይ ነው የሚጭነው፤ መጀመሪያ እዚያ ያየኛል። እዚህ ሲያገኘኝ ያልፈኛል። ጸሐፊዎቹ አልደገሙም! ሁለት ቦታ የተጻፉት ለመውለድ እናታቸው ቤት የሄዱት ናቸው። የእኔ ዓይነቶቹ። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት እንደሚወለድ ፈረንጅ ሳይሆን እኔ፣ የአዊ ልጅ፣ ያኔ ራሴ ልሄድ ቦርሳዬን የማዘጋጅ እኔ... እንዴት አልታየኝም?

ማስተዋል "ኔትወርክ ነው አይደል?" አለችኝ ደግማ።

"አዎ፣ ኔትወርክ ይሆናል" አልኳት።

ሄደች። ለምን እንደዚያ አልኩ? ምን ነካኝ? መባረር ፈራሁ? እሷ ፊት ማፈር ፈራሁ? አላውቅም። አፌ ነው የተናገረው። ነገ ጠዋት ራሴ አስተካክለውና ማንም ሳያውቅ... እስከ ነገ ምን ይሆናል? አንድ ቀን ነው። ምንም አይሆንም።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ከማለዳው ተነስቼ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁ። ኢንተርኔት የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ሰላሳ አንድ። መብራት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለም። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ያችን መስመር ዘለልኩና የተደገሙትን ብቻ አወጣሁ።

አስራ ሰባት። እኔን ጨምሮ።

አስራ ሰባት ሴት። ሁሉም የመጀመሪያ እርግዝና። የባሎቻቸው ቀበሌ "ቤት የለችም፣ እናቷ ቤት ሄዳለች" ብሎ ጽፏል። የእናቶቻቸው ቀበሌ አያያቸውም። እዚያ ያሉት እዚህ ናት ይላሉ፣ እዚህ ያሉት ማን እንዳለ አያውቁም።

አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ደህና... ደህና... ደህና። ዘጠነኛዋ ላይ ቆምኩ።

ስሜነሽ። ዕድሜ አስራ ዘጠኝ። ስምንተኛ ወር። ጥቅምት 17 ባሏ ቀበሌ የደም ግፊቷ ተለክቷል፤ መቶ ሃምሳ በመቶ፣ ለነፍሰ ጡር አደገኛ። "በየሳምንቱ ይለካ፣ እንዳይዘለል" የሚል ማሳሰቢያ አለው። ጥቅምት 21 የማስተዋል ጓደኛ እናቷ ቤት መዝግባታለች። ከዚያ በኋላ ባዶ። ጥቅምት 24 ባዶ። ኅዳር 1 ባዶ። ያለችው እዚሁ ቀበሌ ነው! ከወንዙ ማዶ ያለው የመጨረሻው ጎጥ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ፣ እየተንሸራተትኩ። ማስተዋል ጤና ኬላው በር ላይ ቆማ እጇን ትታጠባለች። ሁሉንም ነገርኳት። ኔትወርክ አይደለም፣ እኔ ነኝ አልኳት።

እጇን አልጠረገችም። "ትናንት ታውቂ ነበር?"

በሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"እንቁ፣ ትናንት ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር ወይ?"

"አዎ።"

አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሆዴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወደ አቶ ቢሻው ግቢ ሮጠች። ፈረሳቸውን ጭነው ሰጧት። ያ ጎጥ በእግር ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ሽቅብ ስትጋልብ ነጠላዋ ብቻ ይታየኝ ነበር።

ተመልሼ ጉብታው ላይ ወጣሁ። የሌሎቹን አምስት ቀበሌዎች ጤና ኤክስቴንሽኖች አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። "እንቁ ነኝ፣ ያሠለጠንኳችሁ። ሠንጠረዡ ሰው ይደብቃል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስም ልንገራችሁና ጻፉ፣ በወረቀት ጻፉ።" አንዷ "ወረቀት የለም አላልሽም?" አለችኝ። ይገባኛል።

ከዚያ መሳፍንት ጋ ደወልኩ። ሰምቶ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ፣ አሁን ዝም ብለሽ አስተካክዪው። ለማንም ምንም አትበዪ። ውላችን ይቀደዳል፣ ሁለታችንም ነን ሜዳ ላይ የምንወድቀው።"

"ነግሬያለሁ።"

"ለማን?"

"ለሁሉም።"

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። "ያልተገኙትን ስም ላኪልኝ" አለ በመጨረሻ። "ግማሹን እኔ ልደውል። አንቺ ውረጂ ከዚያ ብርድ።"

አልወረድኩም። አስተካከልኩት። መለያው ካርድ ቁጥሩ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ቀበሌውና ቤቱም አብረው እንዲገቡበት አደረግኩ፤ አንዲት ሴት ሁለት ቤት ካለች ሁለቱም ቦታ ትታያለች፣ አሁን ያለችበትም ምልክት ይደረግበታል። ሃያ ደቂቃ። ይሄው ነው የፈጀብኝ። ሃያ ደቂቃ! ባትሪው ዘጠኝ ሲል ላክሁት።

የማስተዋል ስልክ ዝግ ነው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

አስራ አምስቱ ተገኝተዋል። መሳፍንት ነው የነገረኝ። ከእኔ ጋር አስራ ስድስት።

ማስተዋል ሌሊቱን አልተመለሰችም። ፈረሱም አልተመለሰም። አቶ ቢሻው ጠዋት አጥሩ ላይ ቆመው ማዶ ማዶውን ሲያዩ ነበር። "አይዞሽ፣ ፈረሱ መንገድ ያውቃል" አሉኝ። እኔ ለፈረሱ ነው የፈራሁት?

እኩለ ቀን ግድም ሰዎቹ መጡ። መጀመሪያ ያየኋቸው ከወንዙ ወዲህ ሲወጡ ነው፤ የቃሬዛ ማኅበሩ ሰዎች፣ ስምንት አሥር ይሆናሉ፣ እየተቀባበሉ። ወደ መንገዱ ዳር ወረድኩ። እማየ "አትሂጂ፣ ነፍሰ ጡር ቃሬዛ አታይም" እያለች ነጠላዬን ጎተተችኝ። አስለቀቅኳት።

ማየት የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ፊቷ ተሸፍኗል ወይስ አልተሸፈነም? ሰዎቹ ይራወጣሉ፣ ጋቢው ይወዛወዛል፣ አይታይም... አንዱ ትከሻ ሲቀይር ጎንበስ አለ። ፊቷ አልተሸፈነም። ያበጠ ልጅ ፊት። ዐይኗ ግማሹ ተገልጧል፣ ግን ማንንም አያይም።

ማስተዋል ፈረሱን እየጎተተች ከኋላ ነበረች። ጭቃ በጭቃ። ስታልፈኝ "ሁለቴ አንቀጠቀጣት። ትናንት ማታና ዛሬ ጠዋት" አለች። ሌላ ምንም አላለችኝም። አስፋልቱ ላይ አምቡላንስ ይጠብቃቸው ነበር፤ መንገዱ ክፍት በመሆኑ ተመስገን።

ትናንት ማታ። ሐሙስ ብናገር ኖሮ ዓርብ ጠዋት ሆስፒታል ነበረች።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ወሬ የለም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ማታ ማታ የሚይዘኝ ፍርሃት አሁን ቀንም አይለቀኝም። በር ሲንኳኳ ፖሊስ ይመስለኛል። ስልክ ሲጠራ ሞተች የሚሉኝ ይመስለኛል። ልጄ ሲረግጠኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሲረግጠኝ ያቺ ልጅ ትታየኛለች። ምን አደረገችኝ? እናቷ ቤት መጣች እንጂ። እንደ እኔ።

ከሰዓት ማስተዋል ደወለች። በቀዶ ጥገና አዋልደዋታል። ወንድ። አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ። በሕይወት አለ። እሷ አልነቃችም።

ለእማየ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማች። ስለ ሠንጠረዡ ብዙም አልገባትም፤ ሐሙስ ዕለት መዋሸቴ ግን ገባት። "እኔ እንደዚያ አላሳደግኩሽም" አለች። ወጥታ ድንቹን መልቀም ጀመረች። አብሬያት ልለቅም ስል "ተይው" አለችኝ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ነቃች! ማስተዋል ናት የነገረችኝ። ዐይኗ ብዥ ይልባታል፣ ይመለሳል ብለዋታል። ስሟን ታውቃለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ልጇን ነው።

አለቀስኩ። አሳምነው ያመመኝ መስሎት አምቡላንስ ሊጠራ ነበር።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

እማየ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አጠገቤ ተቀመጠች። "መች ነው ሄደሽ የምትነግሪያት?"

"ማስተዋል ነግራት ይሆናል።"

"ማስተዋልን አልጠየቅኩሽም።"

"እፈራለሁ እማ።"

"ፍሪ። ፈርተሽ ሂጂ። የሰው በደል ይዘሽ ምጥ እንድትገቢ ግን አልፈልግም።"

ከዚያ እግሬን አምጪ ብላ አሸችልኝ። ታርቀናል መሰለኝ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

መሳፍንት ደወለ። የጤና ሰዎቹ ጠርተውት ነበር። ውሉ አልተቀደደም፤ ሙከራው ግን ቆሟል፣ ማህደሮቹ ከቁም ሣጥን ወጥተዋል። ማን እንደሠራው ጠይቀውታል። "ምን አልክ?" "እኔ አለቃ ነኝ፣ ሳላይ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ አልኩ" አለኝ። ቀጥሎ "ደግሞ ደርሰሽ ጀግና አታድርጊኝ፣ ስምሽንም ተናግሬያለሁ" አለ። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅኩ።

ከወለድኩ በኋላ ቀርቤ አስረዳለሁ። ልብሴን ሳይሆን መልሴን ነው የማዘጋጀው። ሀብቱ "አይዞሽ" አለ። ዛሬ አልተናደድኩበትም።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሄድኩ።

ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ ሆስፒታል። በሩ ላይ ልመለስ ነበር። እውነቴን ነው፣ ባጃጁን "ጠብቀኝ" ብዬው ነበር። ሰውዬው "ለመውለድ አይደለም እንዴ የመጣሽው?" አለኝ። አፍሬ ገባሁ።

ስሜነሽ ጥግ አልጋ ላይ ናት። ልጁን ደረቷ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ፣ በነጠላ አስረውላታል፤ ከነጠላው የሚታየው የቡጢ ያህል ጭንቅላት ብቻ ነው። እናቷ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ከእግሯ ሥር ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ "ነይ፣ ነይ ቁጭ በይ፣ ከብዶሻል" ብለው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። እዚያው መሬት ቢውጠኝ...

ተናገርኩ። ቁጥሩን፣ ቤቱን፣ ያችን አንድ መስመር። ሐሙስንም። በተለይ ሐሙስን። ወይዘሮ ሙሉወርቅ መሐል ላይ "ሰው እንዴት በስልክ ውስጥ ይጠፋል?" አሉ።

ስሜነሽ ጣሪያውን እያየች ሰማችኝ።

"በየሳምንቱ መጥተን እንለካሻለን ብለውኝ ነበር" አለች። "ራሴን ይፈልጠኝ ነበር። እማየ እንሂድ ስትለኝ፣ ክፉ ነገር ቢሆንማ ይመጡ ነበር አልኳት። ስላልመጡ ደህና ነኝ ብዬ ተኛሁ።"

ይሄን አልጠበቅኩም። ስድብ ጠብቄ ነበር። እርግማን ጠብቄ ነበር። እኛን አምና ነበር! ያልመጣነውን አምናን ተኛች።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"እስኪ መጀመሪያ ልጄ ይደግ" አለችኝ። ተቆጥታም አይደለም። እንዲሁ።

ከዚያ "አሳዪኝ" አለች። ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ከፈትኩላት። ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፣ ታነባለች፤ ዐይኗ ገና ስለሆነ ግን ጽሑፉን አተልቄ ወደ ፊቷ አስጠጋሁላት። ቀበሌ። ጎጥ። ሙሉወርቅ። በጣቷ ነካችው፤ ተከፈተ። ስሜነሽ። ስሟን ሁለት ጊዜ በቀስታ አነበበችው። "አለሁ" አለች። እሱንም ነካችው። ጥቅምት 17፣ መቶ ሃምሳ በመቶ። ከዚያ ሁለት ባዶ።

"እነዚህስ?"

"ሰው ያልመጣባቸው ሳምንቶች ናቸው።"

"ሙዪያቸው።"

"አይሞሉም ስሜነሽ።"

"እንግዲያው እንዳትሰርዣቸው" አለች። እንደማልሰርዛቸው ነገርኳት።

ልጁ ተንቀሳቀሰ። እጇን ጀርባው ላይ አደረገችና "እሱስ የታል?" አለችኝ። ገና አልተመዘገበም። ስምም አልወጣለትም። ሠንጠረዡ ደግሞ ሕፃን ሲወለድ መጀመሪያ የሚጠይቀው የማን ቤት እንደሆነ ነው። "የማን ቤት ሥር ላድርገው? የአባቱ ቤት ነው ወይስ የእናትሽ?"

"ከእኔ ሥር አድርጊው። እኔ የሄድኩበት ይሂድ።"

"አሁን እንደዚያ አይችልም። ሰው ከቤት ሥር እንጂ ከሰው ሥር አይገባም፣ ሠንጠረዡ..."

"አንቺ አይደለሽም እንዴ የሠራሽው?"

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ትጠብቃለች።

አሁን ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነኝ። ሶኬት አግኝቻለሁ። እማየ "የት ደረስሽ" ብላ ሦስቴ ደውላለች። ወገቤን ከጠዋት ጀምሮ ይዞኛል፤ ምጥ ይሁን መንገድ አላውቅም፣ ቢሆንም ያለሁት ሆስፒታል ነው። ከሴትየዋ ረድፍ ሥር የልጅ ረድፍ ከፈትኩ። አምስተኛ ደረጃ። ስም በሚለው ቦታ "የስሜነሽ ልጅ" ብዬ ጻፍኩና ሞከርኩት።

ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ብዙ ነው። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ እያነበብኩት ነው።